ያልተጠራችው ጥንግ

ኅዳር 17፣ ቅዳሜ

ፈንታሁን የላይ ሰፈር የገና ጨዋታ አባት ሆነ! ከገበያ ስመለስ ገና ከአጥሩ በር ላይ ነው ያበሰረኝ። አባት ማለት የጨዋታው መሪ ነው፤ ማን ከፊት እንደሚመታ፣ ማን ከኋላ እንደሚከላከል የሚወስነው እሱ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በሕይወት ሳሉ ይዘውት የነበረ ቦታ ነው። እናቱ እማማ ብዙነሽ ከሰሙ ጀምሮ ዕልልታቸው አላባራም። «ዘንድሮ የልጄ ዓመት ነው» እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አዳርሰዋል።

እኔም ደስ ብሎኛል። ባሌ ነው፣ ለምን ደስ አይለኝም? ችግሩ የታች ሰፈር አባት ወንድሜ አዳነ መሆኑ ነው። የተወለድኩት ታች ሰፈር፣ ያገባሁት ላይ ሰፈር። በሁለቱ መካከል ኮሶ ሜዳ አለ፤ ከደብረ ታቦር ወጣ ሲባል፣ በገሳይ መንገድ በኩል። ዓመቱን ሙሉ የሁለቱም ሰፈር ከብት አብሮ ይግጥበታል፤ ገና ሲመጣ ደግሞ ሰዉ ዱላውን ይዞ ይጋጠምበታል። ከዓመት ዓመት ያሸነፈው ታች ሰፈር ነው። እውነቱን ለመናገር ያሸነፈው አዳነ ነው።

ከስፌት ቤቴ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠው ዘቢባ ወሬውን ስነግራት፣ «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ መሐል ቆመሽ ለሁለቱም ማጨብጨብ ነው» አለችኝ። ስንስቅ ደንበኛ አመለጠን።

ኅዳር 26፣ ሰኞ

ጥንጓን፣ በዱላ የምትመታዋን ኳስ፣ የሚያሠራው አምና የተሸነፈው ሰፈር ነው፤ ስለዚህ ሥራው ለእኔ መጣ። ከአሮጌ ኮርቻ የተረፈ ቆዳ ነበረኝ። ልቧን በጨርቅና በጠፍር አጥብቄ ጠቀለልኩ፣ ላይዋን በቆዳ ሸፍኜ ሰም ባስነካሁት ጥቁር ክር በወስፌ ሰፋኋት። ጣቶቼ ቆስለዋል፣ እሷ ግን ታምራለች። ፈንታሁን በእጁ እያንከባለለ «እንዲህ ያለች ጥንግ መምታት ኃጢአት ነው» አለ። እንዲህ ሲያሞግሰኝ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም።

«ሁለት አድርጊያቸው» አለ ቆይቶ።

«አንድ ጨዋታ አንድ ጥንግ አይደለም እንዴ?»

«ለአያ ሞላ ነው። አምና ተጠባባቂዋን ቤት ረስተው ሰው ልከው ነበር። ዘንድሮ አዲስ እንስጣቸው፤ አባት የሆንኩበት ዓመት ነው፣ ያስታውሱኝ።»

አያ ሞላ የሁለቱም ሰፈር ዳኛ ናቸው። ከሜዳው ግርጌ ጨፌ አለ፣ ረጅሙ የረግረግ ሣር፣ ፊላው፣ ሰው ይውጣል። ጥንጓ እዚያ ከገባች አያ ሞላ እጃቸውን ያነሡና አቡነ ዘበሰማያት መድገም ይጀምራሉ። ሰባት ጊዜ እስኪደግሙ ሁለቱም ወገን ይፈልጋል። ከተገኘች ጨዋታው ከተገኘችበት ይቀጥላል። ካልተገኘች የመታው ሰፈር ወደ መታበት ይመለስና በተጠባባቂዋ እንደገና ይመታል። ታዲያ ተጠባባቂዋ መሬት ከመንካቷ በፊት «ተጠባባቂ!» ተብሎ በሁሉም ጆሮ መጠራት አለባት። ሳትጠራ የገባች ጥንግ የማንም አይደለችም፣ በእሷ የተገኘ ድልም አይቆጠርም። ይህን ሕግ በልጅነታችን ከፊደል እኩል ነው የተማርነው። ኪስ የሚፈትሽ ግን የለም። «አገኘሁ» ያለ ሰው አገኘ ነው። በኮሶ ሜዳ ላይ ሲዋሽ የተገኘ ሰው ከብቱ ከሜዳው ይታገዳል፣ እሱም ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እስኪጠይቅ ድረስ አይመለስለትም። እኔ ሲደረግ አይቼ አላውቅም፣ ስሰማ ነው ያደግኩት።

ታኅሣሥ 3፣ ሰኞ

ሁለተኛዋ አለቀች። ጥቁሩ ክር መሐል ላይ ስላለቀብኝ አፏን በነጭ ዘጋሁት። ያስቀይማል። ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር መስጠት አሳፍሮኝ ፈትቼ ልስፋት ብል ፈንታሁን «ተይው፣ ማን ያያታል» አለና ከነበረችበት አንሥቶ ወሰዳት።

ታኅሣሥ 12

የጥምቀት ቀሚስ ጎርፏል። ስነሣ ስቀመጥ የስፌት መኪናው ላይ ነኝ። ሁለት ጊዜ መርፌ ሰበርኩ። ጾሙም አድክሞኛል። ፈንታሁን አጣናውን መሸጥ ትቶ ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ሰዎቹን ሲያለማምድ ይውላል። ይሁን፣ ለገና ነው።

ታኅሣሥ 20፣ ሐሙስ

ዛሬ የላይ ሰፈር ጎረምሶች ከቤታችን ደጅ ተሰብስበው ሲጫወቱ ሰማሁ። አንዱ «አባታችን፣ አንተ ዱላህን ስታነሣ ሚስትህ ለማን እንደምትጸልይ ታውቃለህ?» አለው። ሌላው ቀበል አድርጎ «ዝም በል፣ መቀሷ ነው የሚያበላው፣ ብትጸልይበትም ይችለዋል» አለ። ሁሉም ሳቁ። ፈንታሁንም ሳቀ፣ ግን ያን ሳቁን አውቀዋለሁ፣ ከጥርሱ አያልፍም።

ወጥቼ ልሰድባቸው ነበር። እማማ ብዙነሽ ያዙኝ። «ተያቸው፣ በገና ቀን አፋቸው ይዘጋል» አሉኝ። ማታ ፈንታሁን ራቱን ሳይነካ ተኛ። መቀሴን ከጠረጴዛው አንሥቼ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ታኅሣሥ 26፣ ረቡዕ

አዳነ ሽንኩርት በከረጢት ተሸክሞ መጣ። ወንድሜ ሲመጣ ቤቱ ይሞላል። «አማች፣ ዘንድሮ አዝኜልህ አንዷን ልልቀቅልህ ይሆን?» አለው ፈንታሁንን። ድሮም እንዲህ ይቀላለዳሉ። ዛሬ ግን ፈንታሁን «ምጽዋት አልጠየቅኩህም» አለና ወጣ። አዳነ ግራ ገብቶት ወደ እኔ አየ። «ምን አጠፋሁ እታለም?»

«ምንም። አባትነቱ ከብዶት ነው።»

ወንድምዓለሜ አዳነ እንደ መጣ ሳይቀመጥ ሄደ። ሽንኩርቱ ትልልቅ ነው።

ታኅሣሥ 29፣ የገና ዕለት

አሸነፍን! አሸነፍን! መጻፍ አልቻልኩም።

ቆይቶ

አሁን ሁሉም ጭፈራ ሄዷል፣ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ፤ ከመጀመሪያው ልጻፈው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እኩል ነበሩ። ማን ከሌላው የወሰን ድንጋይ አሳልፎ ያስገባል እየተባለ ሴቱ ሁሉ ከዳገቱ ላይ ቆሞ ይጮሃል። ፈንታሁን ከመሐል ሜዳ መታት፤ አቤት አመታት፣ እንደዚያ ሲመታ አይቼው አላውቅም። ጥንጓ በሰዉ ራስ ላይ በረረችና ጨፌው ውስጥ ጠለቀች፣ ከታች ሰፈር የወሰን ድንጋይ አጠገብ። አያ ሞላ እጃቸውን አነሡ። ሰዉ ሁሉ ፊላው ውስጥ ገባ። አዳነ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ «በዚህ በኩል ነው የወደቀችው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» እያለ ባላጋራዎቹን ሳይቀር ይጠራል። አያ ሞላ አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይጀምራሉ።

ሰባተኛውን ጀምረው እያለ ፈንታሁን ከዳር ብድግ ብሎ «አገኘኋት! አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። ጥንጓን ከፍ አድርጎ ለሁሉም አሳየ። አዳነ «እዚያ ድረስ ሄደች?» አለና ራሱን ነቀነቀ፤ ወዲያው ግን «እንግዲህ አገኘሁ ካለ አገኘ፣ ቦታ ልቀቁ» ብሎ የራሱን ሰዎች ወደ ኋላ መለሰ። ፈንታሁን ባለችበት አስቀምጦ አንዴ መታት፣ የወሰኑን ድንጋይ አለፈች። ምድሪቱ ተናወጠች።

ጥንጓን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ ሲስሟት ለእኔም ደረሰችኝ፣ «የሰፋችው ትሳማት!» ብለው። ሳምኳት። አፏ ላይ ነጭ ክር ያየሁ መሰለኝ። መሽቷል፣ እንባም ነበረኝ፣ ጭቃም ነክቷታል። ደስታ ዓይን ያጭበረብራል።

ጥር 1፣ ሰኞ

ከትናንት ጀምሮ ድግስ ላይ ነን። የላይ ሰፈር ሰው በዘፈን ታች ሰፈርን እያበሻቀጠ ነው፤ የገና ስድብ አያስቀይምም፣ ይበሉ። አዳነ መጥቶ ፈንታሁንን አቅፎ «ደግ መታህ፣ ይገባሃል» አለው። ፈንታሁን «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፣ ዓይኑን ግን ሌላ ቦታ ጣለ። ያንን ሁሉ ዘመን ተሸንፎ አሁን ሲያሸንፍ ደግሞ አፈረ፣ የእኔ ጉድ!

ልብሱን አጠብኩለት። ከጨፌው የወጡት ሁሉ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ነበሩ። የእሱ ሱሪ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ብዙም አልቆሸሸም፣ ለማጠብ ቀለለኝ። ከዳር ስለነበረ ነው።

ጥር 4፣ ሐሙስ

አያ ሞላ ከስፌት ቤቴ ፊት ለፊት ሲያልፉ ጠርቼ ወንበር ሰጠኋቸው። ጨዋታውን ካነሣን በኋላ «የሰፋሁልዎ ተጠባባቂ ተስማማችዎ?» አልኳቸው። ስለ ነጩ ክር ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነው።

«የምን ተጠባባቂ ልጄ?» አሉ።

«በፈንታሁን እጅ የላክሁልዎ።»

«እኔ ያለችኝ ያችው የአባቴ የወይራ ጥንግ ናት። ዘንድሮ ደግሞ ከጋቢዬ ጫፍ አስሬያት ነው የዋልኩት፣ አምና ስለቀለዳችሁብኝ» ብለው ሳቁ።

ረስተው ይሆናል። አርጅተዋል እኮ። ፈንታሁንን እጠይቀዋለሁ ብዬ ቤት ስደርስ አጣና ሊያራግፍ ወጥቷል አሉኝ። ሲመጣ ደግሞ ደክሞት ነበር። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሰው አይነዘነዝም።

ዘቢባ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል። «ሁለት ሰፋሽ፣ አንዷ የት ገባች?» አለችኝ። ሥራ አለብኝ አልኳት።

ጥር 7፣ እሑድ

ዛሬ ምንም አልጽፍም።

ጥር 8

መጻፍ አለብኝ።

ትናንት ሥላሴ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ሲጨዋወት አዳነ መጣና ከአጠገቤ ቆመ። ከኪሱ ጥንግ አወጣ። ጥቁር ክር። የእኔ እጅ ሥራ፣ የመጀመሪያዋ።

«አያ ሞላ፣ ይችን ይዩልኝ» አላቸው። «ትናንት ሽንኩርቴን ላጠጣ ቦይ ስከፍት የጨፌው ውኃ ጎደለ። ያን ዕለት ወደቀች ካልኩበት ቦታ፣ ፊላው ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። ክስ የለኝም። ግን ጨዋታ የዋለችው ይቺ ከሆነች፣ ያስገባችው የቷ ናት?»

የላይ ሰፈር ሰዎች አጉረመረሙ። «ሽንፈት አልዋጥልህ ብሎ ነው!» አለ አንዱ። «ስፌቱ የእህቱ አይደል? አሰፍቶ መጥቶ ነዋ!» አለ ሌላው። ሁሉም ወደ ፈንታሁን ዞሩ። ፈንታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«እውነት ነው» አለ። «ሚስቴ የሺ ሁለት ጥንግ ነው የሰፋችው። አንደኛዋን ለወንድሟ ሰጥታዋለች፣ ለልምምድ ብሎ ጠይቋት።»

ይህን ሲል እኔን እያየ ነው። ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ይለምነኛል፣ አይቼበት የማላውቀው ልመና።

አያ ሞላ «እውነት ነው ልጄ?» አሉኝ።

ነጠላዬን አስተካከልኩ። መሬት መሬት አየሁ። ሕዝቡ ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ነበር፣ እማማ ብዙነሽ ክንዴን ይዘውኛል። ቆይቼ ልናገር ነበር። ነገሩን ትንሽ ላስበው ፈልጌ ነበር። ግን ከኋላ አንዱ «ይኸው፣ ዝም አለች!» አለና ሁሉም በአንዴ መጮህ ጀመረ። አዳነን ውሸታም አሉት። ከብቱ ከዛሬ ጀምሮ ሜዳው እንዳይረግጥ፣ ጥር ሃያ አንድ ቀን ሜዳው ላይ ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ድንጋይ ተሸክሞ ላይ ሰፈርን ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። አያ ሞላ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

አዳነ ጥንጓን ወደ ኪሱ መልሶ ሄደ።

ጥር 9

ቀሚስ ቆርጬ አበላሸሁ። የሰው ጨርቅ።

ዘቢባ ምንም ሳልነግራት «ከአንድ ሰው ዝምታ ብዙ ወሬ ሰማሁ» አለችኝ። ከዚያ የተበላሸውን የሚተካ ጨርቅ ከመደርደሪያዋ አውርዳ ሰጠችኝ። አለቀስኩ። «ለጨርቁ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኩ።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦት ሊወርድ ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል። እኔና ፈንታሁን ቤት ቀረን።

«ሁለተኛዋን ለአያ ሞላ አልሰጠሃቸውም» አልኩት።

ጫማውን እያሰረ ነበር። ማሰሩን አላቆመም። «እንዳይረሷት ብዬ እኔው ያዝኳት።»

«ከኪስህ ነው ያወጣሃት።»

«ተጠባባቂ ብዬ ልጠራ ነበር የሺ፣ በማርያም! አፌን ስከፍት ሰዉ አገኘ፣ አገኘ ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ ምን ልበል?»

«አላገኘሁም በላ!»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? እናቴ ዳገቱ ላይ ቆማ?»

የሚያሳዝን ሆኖ ታየኝ። ይኸው ነው የእኔ በሽታ፣ ልቤ ቶሎ ይባባል። ግን አልለቀቅኩትም፤ «ወንድሜን ውሸታም ለምን አደረግከው? የእኔን ስም ለምን አነሣህ?» አልኩት።

«ሁሉም ወደ እኔ አየ፣ ምን ላድርግ? አንቺም ዝም አልሽ። ዝም ስትይ የተስማማሽ መሰለኝ።»

በዕለቱ ልናገር እኮ ነበር ብለውም አላመነኝም። ከዚያ እጄን ይዞ ማለ። ጥምቀት ይለፍ፣ አያ ሞላ ዘንድ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ አለ። የአባቱን አጥንት ጠርቶ ነው የማለው። አምኜዋለሁ። ታቦቱ ወደሚያድርበት አብረን ወረድን።

ጥር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው፣ በበዓል እንዲህ ያለ ነገር አይነሣም አለኝ። ልክ ነው።

ጥር 14

አያ ሞላ ለቅሶ ሄደዋል፣ ወንዛዬ ድረስ። ሲመለሱ አለኝ።

ጥር 15

ተመልሰዋል። እኔ በገበያ አየኋቸው። ፈንታሁን አላያቸውም። ነገ።

ጥር 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ሜዳው ዳር ግርግር አየሁ። የአዳነን ከብት ሁለት ጎረምሶች በዱላ እያባረሩ ነው። ላሞቹ ከልማዳቸው ወደ ሜዳው ይመጣሉ፣ እነሱ ይመልሷቸዋል። ላም ሕግ ምን ያውቃል። የአዳነ ሚስት ከአጥሯ ሆና ትጮሃለች። እኔን ስታይ ዝም አለች። «እንደምን አደርሽ» አልኳት። አልመለሰችልኝም።

ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው እንኳ ይህን አይቶ ያፍራል። ማታ ለፈንታሁን ነገርኩት። «አትጨነቂ፣ እሑድ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት እናገራለሁ። ለአያ ሞላ ብቻ ከምነግር በሁሉም ፊት ቢሆን አይሻልም?» አለኝ። ይሻላል። እንዲያውም የበለጠ የወንድ ሥራ ነው።

ጥር 18፣ ሐሙስ

አዳነ ስፌት ቤት መጣ። ከጥር ሰባት ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። የተቀደደ ከረጢት አስጠጋልኝ፣ ሰፋሁለት። ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ቀሚሶች ያያል።

«ድንጋዩን ልሸከመው ነው» አለ።

«አልዋሸህም እኮ!» አፌ አምልጦኝ ነው።

«አውቃለሁ አለመዋሸቴን» አለ ፈገግ ብሎ። «ጥጃዎቹ ግን አያውቁም፣ ሣር ነው የሚፈልጉት። ላሟ ወተቷን እየነሳች ነው። የልጆቹን ምሳ እንኳ ማሰብ አለብኝ። ድንጋይ መሸከም እችላለሁ፣ ጉልበት አላጣሁም።» ከረጢቱን ተቀብሎ ከፊቴ ቆመ። አልሄደም። «ምነው፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ እታለም?»

ፈንታሁን ራሱ እንዲናገር ቃል ገብቶልኛል። እኔ ቀድሜ ብናገር የእሱን ንስሐ መስረቅ ይሆንብኛል። «እሑድ ሁሉም ይስተካከላል» አልኩት።

«እሺ» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እሺ» አለና ሄደ።

ጥር 20፣ ቅዳሜ

ፈንታሁን የሚናገረውን ሲያጠና ሰማሁት። ጓሮ ሆኖ ለብቻው «ወገኖቼ፣ ስሕተት ሠርቻለሁ» ይላል። ልቤ በራ። ጋቢውን አጠብኩለት፣ ጫማውን ቦረሽኩለት። ባሌን የተቀየምኩት ሁሉ ውኃ ሆነ። ነገ ይህ ሁሉ ያልፋል። አዳነም ይቅር ይለዋል፣ አውቀዋለሁ ወንድሜን።

ጥር 21፣ አስተርእዮ ማርያም

ከማየቱ ይልቅ መጻፉ ይከብዳል።

ከኮሶው ሥር ሁለቱም ሰፈር ተቀምጧል። አዳነ ከታች መጣ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ። የእኔ ወንድም ሲያጎነብስ አይቼ አላውቅም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አያ ሞላ «ፈንታሁን፣ የተበደለው ወገን አባት አንተ ነህ። ምን ትላለህ?» አሉ።

ፈንታሁን ተነሣ። ጋቢውን አስተካከለ። ወደ እኔ አየ፣ ፈገግ አልኩለት፣ እንዲበረታ። «ወገኖቼ» አለ። እናቱን አየ። የላይ ሰፈርን ጎረምሶች አየ።

«አማቼ ነው፣ ወንድሜ ነው። እኔ ይቅር ብየዋለሁ» አለና ተቀመጠ።

ተቀመጠ! ሰዉ «አበጀህ! የጨዋ ልጅ!» አለው። እማማ ብዙነሽ ዕልል አሉ። አዳነ ድንጋዩን እንደተሸከመ ጉልበቱን ሊስም ወደ ባሌ መራመድ ጀመረ። ባሌም ሊሳም እግሩን አስተካከለ። ያንን እግሩን ሲያስተካክል ያየሁት መቼም ከዓይኔ አይወጣም። የጠዋቱ ጫማ ነው፣ እኔ የቦረሽኩት።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «አያ ሞላ፣ አይሳም!» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። «ሁለቱንም ጥንግ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሁለቱንም የሰጠሁት ለባሌ ነው። ለወንድሜ አንድም አልሰጠሁም። ያስገባችው ነጭ ክር ያላት ናት፣ ስስማት አይቻታለሁ።»

እማማ ብዙነሽ «ተናገራ ልጄ፣ ውሸቷን ነው በላት!» አሉት። ፈንታሁን አንገቱን እንደደፋ «ተጠባባቂ ብዬ ልጠራ ነበር» አለ።

አያ ሞላ ዘንጋቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ጠራህ?» አሉት።

«አልጠራሁም።»

«የሰማ ሰው አለ?»

«የለም።»

«አገኘሁ ያልከው አንተ ነህ፣ ሰዉ ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ።

«እንግዲያው ጥንጓ የማንም አይደለችም፣ ድሉም የማንም አይደለም» አሉ አያ ሞላ። አዳነን «አውርደው ልጄ» አሉት። አዳነ ድንጋዩን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። ላቅፈው ሮጥኩ፣ እሱ ግን ሰዎቹ ከበውት ወደ ታች ወስደውት ነበር። ፈንታሁን ማንንም ሳያይ በዳገቱ በኩል ሄደ።

ጥር 23

ፈንታሁን ገሳይ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አሉ። ለእኔ ምንም አልላከም። እማማ ብዙነሽ ከእኔ ጋር ማዕድ አይቀርቡም። «ቤትሽን አፈረስሽ» አሉኝ ዛሬ። እኔ ነኝ ያፈረስኩት? ከአንድ ሰው ጋር አንድ ትራስ ላይ ተኝቼ፣ የሚያጠናውን ንግግር እየሰማሁ፣ ለንግግሩ ጋቢ አጥቤለት። መካድ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ንዴቱ ሳይሆን ሞኝነቴ ነው የሚያቃጥለኝ። የሚያጽናናኝ አንድ ነገር አለ፣ ቢያንስ ወንድሜን አላጣሁም። ሐሙስ እሄዳለሁ።

ጥር 25፣ ሐሙስ

ለአዳነ ሸሚዝ ሰፍቼ ይዤ ሄድኩ። ላሞቹ ሜዳው ላይ ነበሩ፣ ሳያቸው ደስ አለኝ። ሚስቱ ምግብ አቀረበች። አዳነ እጄን አስታጠበኝ፣ «ብይ፣ ብይ» አለኝ፣ ሸሚዙን ለክቶ «ልኬን አልረሳሽም» አለ። ስለ ሽንኩርቱ አወራ። ስለ ዝናብ አወራ። እንግዳ ሲመጣ የሚያወራውን ሁሉ አወራ።

በመጨረሻ እኔው አነሣሁት። «በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ እኮ፣ ወንድምዓለም» አልኩት። «ትዳሬን ትቼ።»

«ተናገርሽ» አለ። «እግዜር ይስጥሽ። ውለታሽን አልረሳም።»

«ታዲያ?»

ሸሚዙን አጣጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጥር ሰባት ዕለት አያ ሞላ ሲጠይቁሽ፣ ከጎንሽ ነበርኩ» አለ። «አሁን ትናገራለች፣ አሁን ትናገራለች እያልኩ ነው የቆምኩት። ስፌት ቤትም የመጣሁት ለከረጢቱ አልነበረም።»

ቃል ገብቶልኝ ነበር ልለው አሰብኩ። ሊናገር ነበር፣ ልናገር ነበር ልለው። አፌ ላይ ሲመጣ ከማን እንደሰማሁት ታወቀኝና ዋጥኩት።

ሥራ አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። ሚስቱ «ምነው ቶሎ» አለች ለወጉ። ሁልጊዜ ስሄድ አዳነ ከሜዳው ዳር ያለውን ወንዝ ሳያሻግረኝ አይመለስም፣ በጋም ቢሆን፣ ውኃ ባይኖረውም። ዛሬ እስከ በሩ ሸኘኝ።